ለጋሽ ደምሴ የተረጎምኩት የፊንላንድ ፊልም

ፊንላንድኛ እንደማልችል ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰው እስካልጠየቀህ ድረስ ደሞ የማትችለው ቋንቋ የለም። ይቺን ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲናገራት ከሰማችሁ ከኔ ወስዶ ነው።

ትምህርት ላይ ብዙም አልቆየሁም። በልጅነቴ ተስማምተን ተለያየን፣ እስካሁን ተቀያይመን አናውቅም። ግን ወልቂጤ ሄዳችሁ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረው ቪዲዮ ቤት በኩል ስሜን ብትጠሩ፣ አሁንም ወንበር የሚለቅላችሁ ሰው አታጡም። ፊልም ተርጓሚ ነበርኩ። የሕንዱን፣ የቻይናውን፣ የኮሪያውን፣ ማይክ ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ በቀጥታ ወደ አማርኛ እገለብጠዋለሁ። ቋንቋውን ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ፊልም የሚተረጎመው በቋንቋ መሰላችሁ? በፊት ነው። ሰውዬው ከተቆጣ "አባቴን የገደልከው አንተ ነህ" እያለ ነው። ሴትየዋ ካለቀሰች "ጥለኸኝ አትሂድ" እያለች ነው። ከነዚህ ውጪ ሰው የሚነጋገረው ነገር ያን ያህል የለም። አንዴ መንገድ ሊሠራ የመጣ ሕንድ ገብቶ አይቶ፣ "የኛ ፊልም እንዲህ ጥሩ መሆኑን አላውቅም ነበር" ብሎ ወጣ አሉ። እኔ አልሰማሁትም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ስመጣ ሙያዬ ዋጋ አጣ። እዚህ አገር ሁሉም ሰው በየስልኩ የየራሱን ፊልም ያያል። ሶ፣ ካፒቶል ሂል አንድ ሬስቶራንት ገባሁ። ምን ትሠራለህ ስባል "ኪችን ውስጥ ነኝ" እላለሁ። ሰሃን የሚታጠበው ኪችን ውስጥ ስለሆነ ውሸት የለበትም። ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስቱዲዮ ተከራይቻለሁ። ጠባብ ነው ይሉኛል። አልጋዬ ላይ ተኝቼ ፍሪጅ እከፍታለሁ፤ ሀብታም ይሄን ለማድረግ ሠራተኛ ይቀጥራል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጋሽ ደምሴ ስካይዌይ ሰፈር የቅመም ሱቅ ያላቸው የወልቂጤ ሰው ናቸው። እንደመጣሁ ቤታቸው ያስጠጉኝ፣ መንዳት ያስተማሩኝ፣ "አፍህን ቀንስና እጅህን ጨምር" እያሉ የመከሩኝ እሳቸው ናቸው። ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን የቤታቸውን አሸንዳ ሊጠርጉ መሰላል ላይ ወጡ። መሰላሉ እዛው ቀረ፣ እሳቸው ወረዱ።

ሐኪም ቤት ሲነቁ አጥንታቸው ደህና፣ ወጋቸው ደህና። ሚስታቸውን እትዬ ብርነሽን ግን አያውቋቸውም። ልጃቸውን ቤዛንም አያውቋትም። አሜሪካ መምጣታቸውንም አያውቁም፤ እንግሊዝኛውም አብሮ ሄዷል። እስከ ጎረምሳነታቸው ያለው ነገር ሁሉ ቁጭ ብሏል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው የተጠረገው። መስታወት ሰጧቸውና ሲያዩት ቆዩ። "ሽበቱ የኔ መሆኑን መስታወቱ መስክሮብኛል። የት እንዳሸበትኩ ነው የማላውቀው" አሉኝ።

ሁሉ ሲጠፋ አንድ ነገር አልጠፋባቸውም። ይሉኝታ። እሱ ጭንቅላት ውስጥ አይደለም መሰለኝ የሚቀመጠው።

ቤታቸው ሲገቡ እንግዳ ሆነው ቁጭ አሉ። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ። ውሃ ሲሰጣቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው በሁለት እጅ ይቀበላሉ። ትንሽ ይቆዩና "በሉ እንግዲህ፣ አስቸገርኳችሁ፣ ልነሳ" ይላሉ።

"ወዴት ነው የምትነሳው? ቤትህ እኮ ነው" ይላሉ እትዬ ብርነሽ።

"ተባረኩ እሜቴ። ግን ባለቤትዎ ቢመጡ ምን ይላሉ?"

"ባለቤቴ አንተ ነህ።"

"ኧረ እንዲህ አይበሉ፣ ሰው ይሰማል።"

እትዬ ብርነሽ የሠርጋቸውን ፎቶ ከግድግዳ አውርደው አፍንጫቸው ስር ያቀርቡላቸዋል። "እስቲ ይሄን እይ። ማን ነው ይሄ?" ጋሽ ደምሴ ፎቶውን በአክብሮት ያዩና "ልጆችዎ ናቸው? ይባርክልዎት" ይላሉ። እትዬ ብርነሽ ፎቶውን ይዘው ጓዳ ይገባሉ። ለምን እንደገቡ ሁላችንም እናውቃለን።

ሐኪሙ አታስጨንቋቸው ብሎ ነበር። ግን ባሏ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ "ባለቤትዎ ደህና ናቸው?" የሚላት ሴት እንዴት አድርጋ ነው የማታስጨንቀው? ልነሳ ባሉ ቁጥር "ቤትህ ነው"፣ "ቤቴ አይደለም"፣ በሩ ላይ መያያዝ ሆነ። አንድ ቀን እትዬ ብርነሽ ሻወር ሲገቡ ጋሽ ደምሴ ወጡ። ዝናብ ላይ አውቶቡስ ፌርማታ ቆመው ተገኙ። ሹፌሩን የወልቂጤው መቼ ነው የሚነሳው እያሉ ይጠይቁታል፣ በአማርኛ። እሱም ጨዋ ሰው ነው፣ ቁጭ ይበሉ ብሎ ፖሊስ ኮል አደረገ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ ለቤዛ ቁርጡን ነገሯት። አባትሽ ሁለተኛ ከቤት ከጠፉ በሩ የሚቆለፍበት የአዛውንት መጦሪያ መግባታቸው ነው። ቤዛ ይሄን ስትነግረን እዚህ የተወለደች ልጅ ስለሆነች በእንግሊዝኛ ነው። እትዬ ብርነሽ ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

በዚህ መሀል ነው ፊልሙ የመጣው። ጋሽ ደምሴን የምታየው ቴራፒስት፣ "የማስታወስ ችሎታውን ስላጣና ሕይወቱን እንደገና ስለጀመረ ሰው የተሠራ የፊንላንድ ፊልም አለ። ሐዘንም አለው፣ ያስቃልም። አብራችሁ እዩት፣ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ እንዳይሉ" አለች። ቤዛ ከላይብረሪ ተውሳ አመጣችው። ችግሩ፣ ከስር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው። ጋሽ ደምሴ እንግሊዝኛው የለም። እትዬ ብርነሽ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው ያላቸው። የቤዛ አማርኛ ደሞ "ራበኝ" ብሎ ይጀምርና "ጠገብኩ" ላይ ያልቃል።

"ለኔ ተዉት" አልኩ።

ቤዛ አየችኝ። "ዌይት፣ ዩ ስፒክ ፊኒሽ?"

"የቱን? የከተማውን ነው የገጠሩን?"

ከዚህ በኋላ ማን ይጠይቃል።

ሐሳቡ አራት ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት ልናይ ነበር። ግን በኛ ደንብ የታመመ ሰው ቤት ቅዳሜ በር አይዘጋም። ጠያቂ ሲገባ፣ ብርቱካን ሲገባ፣ የካርቶን ጁስ ሲገባ፣ ፊልም አለ ሲባል፣ ደሞ በእኔ ትርጉም መሆኑ ሲሰማ፣ ሳሎኑ ጢም አለ። ሐጂ ነስሩ ከፊት ወንበር ያዙ። ሐጂ ነስሩ ስጋ ቤት ያላቸው የጋሽ ደምሴ ጎረቤት ናቸው፤ ስልጤ ናቸው፣ ያልገባቸውን ነገር ሳይጠይቁ አያሳልፉም። ለተርጓሚ ከዚህ የከፋ ተመልካች አይስጥህ።

ፊልሙ ተጀመረ። በረዶ። አንድ ሰውዬ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በረዶ በአካፋ ይጠርጋል። ወደቀ። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረ። ጋሽ ደምሴ ከንፈራቸውን መጠጡና "እግዜር ያትርፈው" አሉ።

እስከዚህ በጣም ጥሩ ነው። በቪዲዮ ቤት ሕግ ዋናው ሰውዬ ስሙ "አክተሩ" ነው፤ "አክተሩ ወደቀ" ብዬ ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ፊንላንዶች አያወሩም። ሕንድ አፉን ሲከፍት እኔም እከፍታለሁ፣ ቻይና ሲጮህ እኔም እጮሃለሁ። እነዚህ ግን ሁለት ሆነው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሐይቅ ያያሉ። ሐይቁም ያያቸዋል። ብዙ ከቆዩ በኋላ አንደኛው አንድ ቃል ይጥላል። ከስር "የስ" ተብሎ ይጻፋል። አለቀ።

"ምን አለ?" አሉ ሐጂ ነስሩ።

"አዎ አለ።"

"ይሄን ሁሉ ቆይቶ አዎ ብቻ? ልጄ፣ የደበቅከን ነገር አለ።"

ቤቱ በሙሉ አጉረመረመ። አዩት ይሄን? እውነት ስትተረጉም ሌባ ትባላለህ። ኦኬ፣ ከፈለጋችሁማ ብዬ ማዝነብ ጀመርኩ። ዝም ባሉ ቁጥር ሙሉ ንግግር እየሰጠኋቸው፣ እነሱ በሕይወታቸው ያላሰቡትን አናገርኳቸው። ሰውዬው ጫማውን ሲያስር "እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት ምን አድርጌ ነው" አስባልኩት። እናቱ መሞቷን እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። ጠያቂዎቹ ሶፍት ተቀባበሉ።

አክተሩ ስሙንም ቤቱንም ረስቶ ከሐኪም ቤት ወጣ። ያገኘው አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ያለቦታው አንድ የገጠር መንደር ወረደ። እዛ ሱቅ ያላት ሴትዮ አለች። ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ሰጠችው። ብስክሌት እየጠገነ መኖር ጀመረ። ሴትየዋ ሾርባ ታመጣለታለች፣ ቁጭ ብላ ሲበላ ታየዋለች።

"ይቺስ ማናት?" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

አፌን ልከፍት ስል ዓይኔ እትዬ ብርነሽ ላይ አረፈ። በሩ ጋ ቆመዋል፣ የነጠላቸው ጫፍ አፋቸው ላይ ነው። አሁን "ሚስቱን ረስቶ ያገኛት ሌላ ሴት ናት" ይባላል? እኔ ተርጓሚ እንጂ ገዳይ አይደለሁም።

"እህቱ ናት" አልኩ።

"ጎሽ፣ እህት እንዲህ ናት" አሉ ሐጂ ነስሩ።

ይሄ ሳንሱር ይባላል። ወልቂጤም እንሠራው ነበር። ሴት ልጅ አልባሌ ነገር ስትለብስ "ዶክተር ናት፣ ወደ ሥራ እየሄደች ነው" እንል ነበር። ችግሩ፣ ፊልሙ አያውቅም። ይቀጥላል። አክተሩና ሴትየዋ የመንደሩ ጭፈራ ላይ ሄዱ። እኔ "የአጎታቸው ልጅ ሠርግ ነው" አልኩ። ተቃቅፈው ጨፈሩ። "ተነፋፍቀው ነው" አልኩ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ወረዱ፣ ፊት ለፊት ቆሙ፣ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። እኔ ደሞ በውስጤ "አታርገው ወንድሜ፣ ስለ እናትህ" እላለሁ። አደረገው። ሳማት። አጭር ቢሆን "እህት ይሳማል" እል ነበር። አጭር አልነበረም።

ቤቱ ውስጥ የጁስ ገለባ ድምፅ እንኳ ጠፋ።

"አስተግፊሩላህ" አሉ ሐጂ ነስሩ ቀስ ብለው። "በእህቱ?"

ጋሽ ደምሴ እስከዚያች ሰዓት አንድ ጥያቄ አልጠየቁም ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እነዚህ ሰዎች ሃይማኖታቸው ምንድነው?" አሉኝ።

ቤዛ እንግሊዝኛውን እያነበበች ስለነበር፣ ትራስ አፏ ውስጥ ከታ ትንፈራፈራለች። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ትርጉሙን ጥሎ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ጭንቅላቴ የሚሠራው እንዲህ ሲጨንቀኝ ነው፤ ተፈጥሮ ነው።

"ቆዩ፣ ምስጢሩ አሁን ነው የሚወጣው" አልኩ። "እህቱ አይደለችም።"

"አንተ አይደለህም ወይ እህቱ ናት ያልከው?"

"እኔ የተባለውን ነው የማስተላልፈው። እህትህ ነኝ ያለችው እሷ ናት። እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ ሚስቱ ናት።"

ሳሎኑ ትንፋሹን ሳበ። እኔም የሚቀጥለውን ለመስማት እንደነሱ ጓጉቻለሁ።

"ሚስቱ ናት። ረሳት። ሐኪም ቤት ሄዳ ሚስትህ ነኝ ስትለው ደነገጠ፣ ሸሻት። እየተከተለች ሚስትህ ነኝ ባለችው ቁጥር እሱ ይርቃል። ስለዚህ ተወችው። ሌላ ኮት ለበሰችና እንደማታውቀው ሆና፣ ደህና ዋልክ ከሚለው ጀመረች።"

"አውቶቡሱን እንዴት ቀደመችው?" አሉ ሐጂ ነስሩ።

"በታክሲ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተስማማቸው። እኔ ደሞ ተመስገን ብዬ ልቀመጥ ስል በፊልሙ ውስጥ በር ተከፈተ። ሻንጣ የያዘች፣ ዓይኗ ያበጠ ሌላ ሴት ገባች። እውነተኛዋ ሚስት መጣች። የሱቋን ሴትዮ ታያለች፣ አክተሩን ታያለች፣ ታለቅሳለች።

"ይቺስ?"

ምን ልበል። አንድ የሥራ መደብ ብቻ ነው ክፍት የነበረው። "እህቱ" አልኩ።

"የቅድሟ?"

"የቅድሟማ ሚስት ሆነች። እህትነቱ ክፍት ነበር።"

አክተሩና ሻንጣ የያዘችው ሴት ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለው ብዙ ዝም አሉ። ከስር የሚጻፈውን ትንሽ አነበብኩ፤ የሚያሳዝን ነገር ነበር፣ አላስተላለፍኩትም። ሴትየዋ የድሮ ኮቱን ሰጥታው ስትወጣ "ወንድሜ፣ ጥሩ ሰው እጅ ላይ ነህ፣ ልቤ አርፏል" አስባልኳት። መጨረሻ ላይ አክተሩና ባለሱቋ ጀልባ ላይ ናቸው። አንድ ቃል አይነጋገሩም። እኔ ግን "'ማን ልበልሽ?' አላት። 'ደስ ያለህን በለኝ' አለችው" አልኩና ዘጋሁት።

ተጨበጨበ። ትርጉም ላይ ሲጨበጨብ ከወልቂጤ ወዲህ ገና መስማቴ ነው።

"ዳት ዎዝ ኖት ዘ ሙቪ" አለችኝ ቤዛ ጆሮዬ ስር።

"ያንቺ ጽሑፍ ስህተት አለበት" አልኳት።

እንግዲህ ያኔ ነው ጋሽ ደምሴ ከሶፋው ጫፍ የተነሱት። "በሉ፣ አስቸገርኳችሁ፣ ልነሳ።"

ሁላችንም ወደ እትዬ ብርነሽ ዞርን። "ቤትህ እኮ ነው" ሊሉ ነው፣ በሩ ላይ መያያዝ ሊጀመር ነው፣ ይሄ ሁሉ ሰው ባለበት። እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቀረብ አሉና፣ ጎንበስ ብለው፣ በስንት ዓመት ትዳር ተጠቅመውበት በማያውቁት አንቱታ፣

"ኧረ እራት ሳይቀምሱማ የት ይሄዳሉ። በሞቴ" አሉ።

ጋሽ ደምሴ ግራ ገባቸው። "አይ እሜቴ፣ ላስቸግር አይገባም።"

"በሞቴ ብያለሁ። ትንሽ።"

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል። ተቀመጡ። ጃኬትዎን ልያዝልዎት ሲባሉም ሰጡ። በሉ፣ ጎረሱ፣ አመሰገኑ፣ ከዚያ ልነሳ አሉ። "ዝናቡን አያዩትም? ዛሬን እዚሁ ይደሩ፣ ጠዋት ይሄዳሉ።" ጠዋት ልነሳ አሉ። "ቁርስ ሳይቀምሱ?" ከቁርስ በኋላ "ምሳ ደርሷል፣ በሞቴ።" በኛ አገር ደንብ እንግዳ ከቤት የሚወጣበት ቀዳዳ የለም፤ ልብ ብላችሁ ካያችሁት ዕድሜ ልክ ነው። እዛ መጦሪያ ቤት በቁልፍ የሚይዙትን እትዬ ብርነሽ በአንድ ቃል ያዙት። ይሄ እንግዲህ የማን ሥራ እንደሆነ ለናንተ መንገር የለብኝም፣ ግን የኔ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሳምንታት ሄዱ። ጋሽ ደምሴ ዝም ብዬ ብበላ ነውር ነው ብለው "የእሜቴን ሱቅ ላግዝ" አሉ። ገቡ። በርበሬ ይመዝናሉ፣ ኮረሪማ ይለቅማሉ። "የድሮው ባለሱቅ ጎበዝ ነበር ማለት ነው" አሉኝ አንድ ቀን። "ዕቃው ሁሉ ልክ እጄ የሚደርስበት ላይ ነው የተቀመጠው።"

እሺ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታ ፊንላንድኛ እንደሆነ ያን ጊዜ ተምሬያለሁ።

ከዚያ አንድ እሁድ ጓሮ ጠሩኝ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይንጎራደዳሉ።

"አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ላማክርህ። እኚህ እሜቴ ባል አላቸው?"

ፊታቸውን አየሁ፤ እንዳልኳችሁ እኔ ፊት ነው የምተረጉመው። ቀልድ የለበትም።

"ነበራቸው" አልኩ።

"ሞተ?"

"አልሞተም።"

"ጥሎ ሄደ?"

"እንደዛም ማለት አይቻልም። እንዴት እንደሄደ ራሱም አያውቀውም።"

ጋሽ ደምሴ ከንፈራቸውን ገለበጡ። "ምን ያለው ሞኝ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ይተዋል?" ትንሽ ተንጎራደዱና "ሽማግሌ ሁነኝ። ሐጂንም ጨምር፣ ብቻህን አትታመንም" አሉ።

ሶ፣ እኔና ሐጂ ነስሩ በጓሮ ወጥተን ቤቱን ዞረን በፊት በር አንኳኳን። ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ግቡ ተቀመጡ ብንባል አንቀመጥም አሉ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አይቀመጥም። ሐጂ ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ሄደዋል፣ ንግግሩን እንደ ውሃ ነው የሚያወርዱት። "የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው" አሉ።

"ዋት? ሚ?" አለች ቤዛ ከደረጃው ላይ። ይሄን ያህል አማርኛ እንደምትሰማ አላውቅም ነበር።

"አንቺን አይደለም" አልኳት። ሐጂንም በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸው። ሐጂ ደነገጡ፤ ራስዋን ሴትየዋን የሚጠይቅ ንግግር የላቸውም። "ማለት… ራስዎን ለልጃችን" አሉ።

እትዬ ብርነሽ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ማን ነው የላካችሁ?"

"ጋሽ ደምሴ" አልኩ።

በመስኮቱ ወደ ጓሮ አዩ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አጣምረው አጥሩን ይመረምራሉ፣ እንዳልሰማ ሰው። እትዬ ብርነሽ ብዙ አዩዋቸው።

"ያኔ የጠየቀው አባቴን ነው" አሉ። "እሺ ያለውም አባቴ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ነው የሰማሁት፣ ሽሮ እያማሰልኩ።" ተነሱ። "ለሳምንት ተመለሱ። ላስብበት።"

ሐጂ ነስሩ ደስ አላቸው፣ ደንቡ እንዲህ ነው። እኔ ግን ወደ እትዬ ተጠጋሁ። "እትዬ፣ ምን ማሰብ ያስፈልጋል? ቢረሱትስ?"

"ከረሳ እንደገና ይጠይቀኛል" አሉ።

ለጋሽ ደምሴ ስንነግራቸው ቅር አላላቸውም። "ጨዋ ናቸው ማለት ነው። ባንዴ እሺ የሚል ቤት አይታመንም። በል እንግዲህ ጓዜን ላንሳ።"

"ወዴት?"

"ሽማግሌ የላኩበት ቤት አድራለሁ እንዴ? ነውር አታውቅም?"

ጉድ ፈላ። በሞቴ ብንል፣ ዝናብ ነው ብንል፣ ወይ ፍንክች። እትዬ ብርነሽ ራሳቸው ጓዳ ገብተው ቀሩ፤ የተጠየቀች ሴት ብቅ ብላ አይሂዱ አትልም። ቤዛ ቁልፏን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ የሚቆለፈው ቤት ነው የታያት። "እኔ ጋ" አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አልተማከርኩም።

ስለዚህ ጋሽ ደምሴ ስቱዲዮዬ ገቡ። እሳቸው አልጋው ላይ፣ እኔ መሬት። ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ሰሃኑ ይጠብቀኝ ብዬ። በመስኮት ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ተነስተው ያዩታል፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። እትዬ ብርነሽ በቤዛ እጅ ምግብ ይልካሉ። ጋሽ ደምሴ ደሞ "እሺ ካላለች ሴት ቤት የመጣ እህል አልቀምስም" አሉ። እንግዲህ ምግቡ ለኔ ነው የተላከው አልኩና አቅርቤ "ብቻዬን አልበላም፣ በሞቴ" አልኳቸው። በሞቴ እንዲህ ሞያ እንዳላት ዘንድሮ ነው ያወቅኩት።

አንድ ጠዋት ነቅተው ትኩር ብለው አዩኝ። "አንተ ማነህ?" አሉ።

እንደገና ጠፋ አልኩ፤ እኔም፣ ሴትየዋም፣ ጥያቄውም። "ሽማግሌዎት ነኝ" አልኩ።

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ካደረጉት በኋላም ጊዜ ወስደው አዩኝ። "እ፣ አንተ ነህ እንዴ" አሉ። "ያለመነጽር ደህና ሰው ትመስላለህ። ቀጠሯችን ነገ ነው አይደል? ፊትህን ተላጭ።"

ተላጨሁ። ሐጂ ነስሩ ሽቶ ተቀብተው መጡ። ጋሽ ደምሴን መኪና ውስጥ ትተን ገባን፤ መንገድ ማዶ ነው ፓርክ ያደረግኩት፣ ከቤቱ በር እንዳይታዩ። እትዬ ብርነሽ ሹሩባ ተሠርተዋል። በዛ ቤት ስኖር ተሠርተው አይቻቸው አላውቅም። ቁጭ በሉ አሉን፣ ተቀመጥን። ቤዛ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ስልኳን አልያዘችም።

"ልጁ ሥራ አለው?" አሉ እትዬ ብርነሽ፣ ኮስተር ብለው።

"ሱቅ ያግዛል" አሉ ሐጂ።

"የማንን?"

ሐጂ ወደኔ አዩ። "የእርስዎን" አልኩ።

"ጠባዩስ?"

"ጠባዩ ጥሩ ነው። ትንሽ ይግደረደራል" አሉ ሐጂ።

እትዬ ብርነሽ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ፣ ወደ እኛ ሳያዩ፣ "ሚስት ነበረችው ይባላል" አሉ።

ሐጂ ነስሩ በትራቸውን ማየት ጀመሩ። ይሄ የሽማግሌ ሥራ አይደለም፣ የተርጓሚ ነው። ለስንት ሕንድና ለስንት ቻይና መልስ የፈጠርኩ ልጅ ነኝ፤ አፌ ላይ አንድ ሦስት የሚያምሩ ውሸቶች መጡልኝ። ዋጥኳቸው።

"ነበረችው" አልኩ። "አያስታውሳትም።"

እትዬ ብርነሽ ምንም ያልፈሰሰበትን ጠረጴዛ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ጠርገው ጠርገው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

"እሱ ካላስታወሳት እኔ ምን አገባኝ" አሉ። "እሺ ብላለች በሉት።"